በሚኒባስ የመጣልኝ ትል

ስልኬ ሲጮህ ሰላጣ በኮምጣጤ ዘፍዝፌ ቅጠል በቅጠል እያጠብኩ ነበር።

«ደስ ይበልሽ፣ ትሉ ተገኝቷል!» አሉኝ እትዬ ዘነቡ፣ ሰላም እንኳ ሳይሉ። «ዛሬ ጠዋት ከኮሶዬ በሚኒባስ ተነሥቷል። ከሰዓት በኋላ ደባርቅ ይገባል።»

እትዬ ዘነቡ የቤት አከራዬ ናቸው። ቤታቸውንና ቤቴን የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ትልቅ ዜና በስልክ ካልተነገረ ክብሩ ይጎድላል ብለው ስለሚያምኑ ግን ይደውላሉ። ስለዚህ «ትሉ ተገኝቷል» የሚለው ቃል መጀመሪያ በግድግዳው፣ ቀጥሎ በስልኩ፣ ሁለት ጊዜ ደረሰኝ። ሁለቱንም ጊዜ አላመንኩትም።

«የምን ትል?» አልኩ።

«ያንቺ ነዋ! ለሆድሽ!»

ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኳችሁ ወይ አብዳለች ወይ ትል መነገድ ጀምራለች ትሉኛላችሁ፤ ስለዚህ ታገሡኝ።

ትውልዴ አሰላ ነው። እንጀራ ፈላጊ ሆኜ ደባርቅ ገባሁና ለወጣቶች የምግብ ዝግጅት አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ሲመረቁ ሰሜን ተራራ፣ ሳንቃ በር ወጥተው ለቱሪስት ምግብ ያበስላሉ። እውነቱን ለመናገር ከምግብ ዝግጅቱ ይልቅ የማስተምረው እጅ መታጠብ ነው። ከጀርባዬ «እትዬ ሳሙና» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ከፊት ለፊቴ ቢሉኝም አልቀየምም ነበር። ውኃ አፈላለሁ፣ ይቀዘቅዛል፣ እጠራጠራለሁ፣ ደግሜ አፈላዋለሁ። ጥሬ ሥጋ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ከሰው ሠርግ ላይ ቁርጥ ሲመጣ ጸሎት የጀመርኩ መስዬ ዓይኔን እጨፍናለሁ።

ይህን ሁሉ ተጠንቅቄ ምን ሆንኩ? አንጀቴ ታመመ። ይቆስላል፣ ይደማል፣ በተለይ ደግሞ ያስሮጣል። መቼ እንደሚያስሮጥ አይነግርም። ቅዳሴ መሀል፣ ክፍል መሀል፣ ዘንድሮስ ግብር ልከፍል ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ።

ጎንደር ያለው ሐኪሜ ትዕግሥተኛ ወጣት ነው። የበሽታውን ስም ሊነግረኝ ሞክሮ ሁለታችንም ሲደክመን በምሳሌ አስረዳኝ። «ሰውነትሽ ዘበኛ አለው» አለ። «ዘበኛው ሌባ ሲያጣ ዱላውን ይዞ የቤቱን ባለቤት መደብደብ ጀምሯል። አንጀትሽን የሚያቆስለው እሱ ነው። ክኒኑ የሚሠራው ዘበኛውን ቀስ አድርጎ ማስቀመጥ ነው።» ይህን በሚገባ ገባኝ። ዘበኛ የማያውቅ የለም።

ከዚያ ነው የጨዋታ ያህል፣ ያን ነገር ያነሣው። በውጭ አገር አንዳንድ ተመራማሪዎች እንዲህ ዓይነት ሕመምተኞችን ሆን ብለው ትል ያስይዟቸዋል። ትል ሆድ ውስጥ ተደላድሎ ለመኖር ሲል ዘበኛውን እያባበለ ያስተኛዋል፣ በዚያው አንጀቱም ይበርድ ይሆናል የሚል ሐሳብ ነው። የአሳማ ትል እንቁላል በውኃ ያጠጡም አሉ።

«የአሳማ!» ብዬ አማተብኩ።

«የተሻላቸው ነበሩ፤ ምንም ያልተለወጠላቸውም ነበሩ» አለ ቶሎ ብሎ። «ገና ጥናት ነው፤ መድኃኒት አይደለም። ደግሞ ያገኙትን ትል ሁሉ አይደለም፤ ጉዳት ያመጣል። በፍጹም እንዳትሞክሪው። አንቺ ክኒንሽን ዋጪ፣ አትበሳጪ። እስከ ሆሳዕና አንጀትሽ ጸጥ ካለ ለፋሲካ አገርሽ ትሄጃለሽ።»

እንግዲህ እኔ የያዝኩት ይህን የመጨረሻውን ነበር። እናቴ ዓይኗ እየደከመ ነው። በስልክ «መልክሽን መለየት ሳያቅተኝ ነይ» ትለኛለች። ከደባርቅ አሰላ ግን መንገዱ መንገድ ብቻ አይደለም፤ አባይ በረሃ አለበት። አባይ በረሃ ጥምዝምዙ ላይ «ሾፌር፣ አቁምልኝ!» ማለት ምን ማለት እንደሆነ የአንጀት ሕመምተኛ ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ የዘንድሮ ዐቢይ ጾም ልመናዬ አንድ ነበር፦ አለመበሳጨት።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ሐኪሙ ያለኝን ሁሉ ጾሙ ሊገባ ሲል ምስር እየለቀምን ለእትዬ ዘነቡ ነገርኳቸው። «ትል» የሚለው ጋ ስደርስ ምስሩን ትተው ተነሡ።

«ይኸው! ይኸው!» አሉ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠብቁት የኖሩት ፍርድ የተፈረደላቸው መስለው። «አባቴ ምን ይል ነበር? ኮሶ የሌለበት ሰው ጤና የለውም ይል ነበር! ሆድ ብቻውን ሲቀር ይተክዛል፤ ሲተክዝ ራሱን ይበላል!»

«እትዬ፣ ሐኪሙ እንዳትሞክሪው ብሎኛል።»

«እሱማ ይበል። ትል በነፃ ከተገኘ እሱ ምን ሊበላ ነው?»

እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ላስረዳ። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ደገኛ ሆዱ ውስጥ ኮሶ የሚባል እንደ ጥብጣብ የረዘመ ትል ማርባቱ የታወቀ ነው። በየሁለት ወሩ የኮሶ ዛፍ አበባ አስፈጭቶ፣ በውኃ በጥብጦ፣ በባዶ ሆዱ ይጠጣና ይጠርገዋል። የመድኃኒቱም የትሉም ስም አንድ ነው። ያ ቀን ታዲያ የተከበረ ቀን ነው። «ጌታው ኮሶ ጠጥተዋል» ከተባለ ባለጉዳይ ከደጅ ይመለሳል፣ እንግዳ ፊቱን ያዞራል። ኮሶ የጠጣ ሰው አይጠራም። ይህችን ሕግ አስቡልኝ፤ በኋላ ጉድ የሠራችኝ እሷ ናት።

የሆነው ሆኖ ወሬው ከምስሩ ቀድሞ በሰለ። በማግሥቱ ገበያ ወጥቼ ድንች ስመርጥ ባለድንቿ ቀና ብላ አየችኝ።

«ትል የሌለሽ አንቺ ነሽ?»

ምን ይባላል? «አዎን» አልኩ።

«ውይ፣ እህቴዋን!» አለችና ከንፈሯን መጠጠች። «እኔም ልስጥሽ ብል የኔ ወስፋት ነው። እሱ ደግሞ ለሰው አይሆንም።» ሦስት ድንች መርቃ ሸኘችኝ። በሕይወቴ ብዙ ነገር ጎድሎኝ ታዝኖልኛል፤ ትል ጎድሎኝ ሲታዘንልኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

መንገድ ማዶ ሱቅ ያለው ጎረቤቴ ሰዒድ ደግሞ በሌላ በኩል መጣ። «እህቴ፣ የአሳማ ነው አሉ፤ እውነት ነው?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሰዒድ፣ ምንም አላደርገውም።»

«አደራሽን። እናንተም እኛም እኩል የተውነው እሱን ብቻ ነው። ካልጠፋ ነገር በሱ ልንለያይ ነው እንዴ?»

ጾሙ ሲገባ ይባስ ብሎ ተማሪዎቼ እጃቸውን አውጥተው ጠየቁኝ፦ ትል ነፍስ ያለው ነገር ነውና፣ በጾም ሆድ ውስጥ ማኖር ጾም ያስፈታል ወይ? ሳስበው ደግሞ ማታ እንቅልፍ ነሣኝ። የማላደርገው ነገር ኃጢአት ይሁን አይሁን መጨነቅ የኔ ተሰጥኦ ነው። ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ።

መምሬ በጥሞና ሰሙኝ፣ ጢማቸውን አሻሹ፣ መቋሚያቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዞሩ።

«የተከለከለው ሥጋ መብላት ነው» አሉ በመጨረሻ። «አንቺ ትሉን አልበላሽውም፤ እሱ ነው አንቺን የሚበላሽ። ጾሙን የፈታ እሱ ነው፤ በሱ አይፈረድብሽም። ለመሆኑ ሐኪሙ ምን አለሽ?»

«እንዳትሞክሪው አለኝ፣ አባ።»

«እና እኔን ምን አመጣሽብኝ ልጄ? ሐኪም ከልክሎሽ የለ? ሂጂ ክኒንሽን ዋጪ።»

በዚህ አገር አንድ ንግግር ሁለት እግር ካለው የሚሮጠው የፊተኛው እግሩ ነው። እቤቴ ሳልደርስ ከደባርቅ ጫፍ እስከ ጫፍ «መምሬ ፈቀዱላት» ተባለ።

ይኸው ነው ሰላጣ እያጠብኩ ያን ስልክ ያስደወለው።

ከዚያ ስልኬ አላረፈም። «ገደብጌን አለፈ» አሉኝ እትዬ ዘነቡ በግድግዳውም በስልኩም። ቀጥሎ ሰዒድ ከሱቁ ደጃፍ ተጣራ፤ ዳባት የሚነግድ ወንድሙ ደውሎለት ነው።

«ትሉ ዳባት ወርዶ ሻይ እየጠጣ ነው አሉ!»

«ትል ሻይ ይጠጣል?»

«እኔ ምን አውቄ፤ ወንድሜ ነው ያለኝ። ስኳር አብዝቶ ነው ደግሞ።»

እኔ በሐሳቤ የማየው ክዳኑ የጠበቀ ብልቃጥ ነበር። የፕላስቲክ ጓንቴን አጠለቅሁ፣ አመድ በባልዲ አዘጋጀሁ፣ የመዝሙር ዳዊቴን ከመደርደሪያ አውርጄ አጠገቤ አኖርኩ። ሲመጣ ተቀብዬ፣ አመስግኜ፣ ጓሮ ልቀብረው ነበር ዕቅዴ። ሰው አላስቀይም፣ እኔም አልበሳጭ።

በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ጋቢ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ፣ ትከሻቸው ላይ ከረጢት ያንጠለጠሉ ሽማግሌ ቆመዋል። የእትዬ ዘነቡ ታላቅ ወንድም፣ የኮሶዬው አያ ተሻለ ናቸው። በበዓል በበዓል ስለሚመጡ አውቃቸዋለሁ። ለእግዜር ሰላምታው በቂ ጊዜ ሰጠነው፤ ከብቱም፣ እህሉም፣ አሰላ ያለችው እናቴም ተጠየቁ። ከዚያ ጓንት ያጠለቀ እጄን ዘረጋሁ።

«እንግዲህ ይስጡኝ፣ አያ። የት አለ?»

አያ ተሻለ ኮርማውን እንደሚያሳይ ገበሬ ደረታቸውን ነፍተው ሆዳቸውን መታ መታ አደረጉ።

«እዚህ ነው።»

እትዬ ዘነቡም ተከትለዋቸው ቤት ገብተው ሲቀመጡ፣ አያ አስረዱኝ። እኅታቸው የኔን ነገር ሲነግሯቸው ኮሶ መጠጫቸው ደርሶ ነበር። ለእኔ ብለው ተዉት። «ከቅበላ ጀምሬ ያዝሁልሽ» አሉኝ። «ሁለት ነፍስ ስቀልብ ከረምሁ። ያንን ሁሉ የቅበላ ሥጋ ለምዶ፣ ጾም ሲገባ ሽሮውን አልወድም ብሎ ሆዴን ሲዞረኝ ያድራል። ይሁን፣ ለልጂቱ ነው አልሁት። ነገ በማለዳ ኮሶውን እጠጣለሁ፤ ሲወጣ ያንቺ ነው።»

«ያኔስ ምን ላደርገው ነው?»

አያ ተሻለ እኅታቸውን አዩ። እትዬ ዘነቡ ጣሪያውን አዩ። «እሱን ሐኪሙ አልነገረሽም?» አሉኝ። ከኮሶዬ እስከ ደባርቅ ካስተባበረው ሰው ሁሉ ከዚያ ወዲያ ያለውን ያሰበ አንድም አልነበረም።

በተቻለኝ ጨዋነት እንቢ አልኩ። ሰው እንግዳ ያመጣውን ማር እንኳ ሲመልስ ነውር ነው፤ እኔ የአንድ ሽማግሌ የስንት ሳምንት ድካም ነው የመለስኩት። አያ ተሻለ ፊታቸው ተለወጠ። «ክኒን አለ፣ አያ፤ ጤና ጣቢያ አብረን እንሂድና ለራስዎ ጤና…» ስላቸው ጭራሽ ተቆጡ።

«ክኒን ይገድለዋል! በሕይወቱ አይደል የሚፈለግ?»

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ የጽዋ ማኅበራችን ሴቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ግቢ ውስጥ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ማን እንደጠራቸው አልጠየቅኩም፤ እንቢ ማለቴን ግን የቆጠረው የለም። አያ ተሻለ የበጠበጡትን ኮሶ በጣሳ ሙሉ አንሥተው በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። ፊታቸውን አልነግራችሁም። ከዚያ ወደ ጓሮ ሄደው የመጸዳጃ ቤቱን በር ከውስጥ ቀረቀሩት።

በግቢያችን ያለው መጸዳጃ አንድ ነው። ኖራ የምቀባው፣ ሳሙና የማንጠለጥልበት፣ የበሩን መቀርቀሪያ ሳልፈትሽ የማልተኛው እኔ ነኝ። ሰው በንጉሥ ዙፋን ይመካል፤ እኔ በዚያ እመካለሁ። አንጀቴም ሳምንታት ሙሉ ጸጥ ብሎ ኖሮ የዚያን ዕለት ንዴቴን ሲያይ ነቃ።

ቆየሁ። ቆምኩ። ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ሄጄ አንኳኳሁ። «አያ ተሻለ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና…»

«ዝም በይ!» አሉኝ ሴቶቹ በአንድ ድምፅ። «ኮሶ የጠጣ ሰው ይጠራል እንዴ?»

ከውስጥ ደካማ ድምፅ መጣ። «ራሱ አልወጣም!»

የትሉ ራስ ካልወጣ ተመልሶ ያድጋል ማለት ነው። ሴቶቹ «ራሱ አልወጣም» ብለው ለአጥሩ አቀበሉ፤ አጥሩ ላይ የነበሩት ለመንገዱ አቀበሉ፤ መንገዱ ለሰዒድ ሱቅ አቀበለ። እኔም ያንኑ ዜና ተከትዬ ወደ ሰዒድ ቤት ሮጥኩ፤ ጓሮው ውስጥ መጸዳጃ ስላለ።

አሰላ ሰላምታ አጭር ነው። እዚህ ግን «እንዴት አደርሽ» ብቻውን አይመጣም። ደኅና አደርሽ ወይ፣ ቤቱስ፣ ሥራውስ፣ እናትሽስ፣ ጾሙን እንዴት ይዞሻል፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ ደኅና ነሽ ወይ ተብሎ እንደገና ከራሱ ይጀመራል። መንገድ ለመሻገር ብቻ ሦስት ሰዎች ይህን ሁሉ ጠየቁኝ። አንዷ እጄን ይዛ ነበር። የአንጀት ሕመምተኛ ሰላምታ በሚያረዝም ከተማ መኖር የለበትም፤ ሐኪሙ ይህንን ቢጽፍልኝ ደስ ባለኝ።

በእግዚአብሔር ቸርነት ደረስኩ። በዚያ ላይ ሌላ ዝርዝር አትጠብቁ።

ስመለስ ግቢው ጸጥ ብሏል። «ምነው?» አልኩ።

«ድምፃቸው ከጠፋ ቆየ» አለች አንዷ።

«አልጠራችኋቸውም?»

«ኮሶ የጠጣ ሰው…»

«አይጠራም ተባለ እንጂ አይሞትም ተባለ?» ብዬ ጮኽኩ። በቤተ ክርስቲያን ልጅነቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። መቀርቀሪያው እስኪሰበር በሩን በትከሻዬ ገፋሁት። አያ ተሻለ ኖራ በቀባሁት ግድግዳ ላይ ተደግፈው ላብ አጥምቋቸዋል፤ ከንፈራቸው ነጥቷል። «ዓይኔ ጨለመብኝ ልጄ» አሉኝ፣ እጃቸውን በአየር ላይ እያንቀሳቀሱ።

ያኔ ትሉም፣ አንጀቴም፣ ፋሲካም ከአእምሮዬ ጠፉ። ለራሴ ሕመም የማስቀምጠውን ተቅማጥ ለበዛበት ሰው የሚበጠበጥ ዱቄት በጥብጬ በማንኪያ በማንኪያ እየሰጠሁ፣ ሰዒድ ባጃጅ አቁሞ፣ ተሸክመን ጤና ጣቢያ አደረስናቸው። ነርሷ ግሉኮስ እየሰካች ጠየቀቻቸው።

«ስንት ነው የጠጡት አባቴ?»

«ለኔ አንድ እፍኝ፣» አሉ አያ ተሻለ፣ «ለሷ አንድ እፍኝ።»

ነርሷ ማን ላይ እንደምትቆጣ ሲጠፋት ሁላችን ላይ ተቆጣች። ኮሶ ሲበዛ ዓይን ያጠፋል፣ ሰውም ይገድላል፤ ይህን ከመካከላችን የማያውቅ አልነበረም። ግን እኅታቸው ወንድሜ መጥኖታል ብለው፣ እሳቸው ለአደራ ትል አይሰሰትም ብለው፣ እኔ ደግሞ ተቀይሜ ራቅ ብዬ፣ ስንት እፍኝ እንደበጠበጡ ያየ ሰው አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ዓይናቸው በራ። መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው።

«ባዶ እጄን እንዳልመጣብሽ ብዬ ነበር» አሉ።

ልቆጣ ተዘጋጅቼ የነበረውን ሁሉ አጥቼ እግራቸውን በጋቢያቸው ሸፈንኩ።

አሁን ድነዋል። ነርሷ በኋላ የሰጠቻቸውን ክኒን ውጠው ኮሶዬ ገብተዋል። በስልክ ሆዳቸው ጭር እንዳለባቸው ይነግሩኛል። እኔም ለጥቂት ቀን ካመመኝ በኋላ ጸጥ አለልኝ። ሐኪሙን ቀጠሮዬ ላይ ሁሉንም ስነግረው ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈና፣ ቀና ሲል «ሂጂ እናትሽን እዪ፤ የመንገድ ምግብ ግን እንዳትቀምሺ፤ ስንቅሽን ራስሽ አብስለሽ ያዢ» አለኝ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

ያን ቀን ከጤና ጣቢያ ስመለስ መጸዳጃው ታጥቦ፣ ግቢው ተጠርጎ፣ ሴቶቹ ተደርድረው ጠበቁኝ። «ራሱ ወጥቶ ነበር!» አሉኝ እትዬ ዘነቡ። «እናንተ ስትሄዱ ከመጸዳጃው ወለል ሳይበጠስ አንሥተን በዕቃ አኑረንልሽ ነበር።»

«በምን ዕቃ?»

«ከኩሽናሽ። በሩን ክፍት ትተሽው ነው የወጣሽ።»

«በየትኛው ዕቃ?»

«ድስቱ» አለች አንዷ፤ «የለም፣ ሳህኑ» አለች ሌላዋ፤ ያነሣሁት እኔ ነኝ ያለች ግን የለችም። ትሉን ጓሮ ቀብረውታል። ዕቃውን ደግሞ፣ እኔን ስለሚያከብሩ፣ በሳሙና፣ በአሸዋ፣ በሙቅ ውኃ አጥበው ቦታው መልሰውታል። ዕድሜ ለኔ ትምህርት፣ እንዴት አድርገው ቢያጥቡት ነው፣ ከሌሎቹ ፈጽሞ አይለይም። እኔ ያላየሁት ዕቃ ነው እንዳልል ሁሉንም አይቻቸዋለሁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ የማየው ነገር የለኝም። በኮምጣጤ ቀቅያቸዋለሁ። ፀሐይ ላይ አውያቸዋለሁ። ደግሜ ቀቅያቸዋለሁ። አእምሮዬ ነጽተዋል ይላል፤ እጄ ሽሮ ሊጨምርባቸው ይዘረጋና ይመለሳል። የምበላው ከሰዒድ ሱቅ የምገዛውን ዳቦ ነው። አሰላ ደግሞ በደረቅ ዳቦ አይደረስም።

ስለዚህ በዚያ ቀን በግቢያችን የነበራችሁ እናቶቼና እኅቶቼ፣ እለምናችኋለሁ። ማን ነሽ አልልም፤ ለመምሬም አልናገርም፤ ያደረጋችሁት በፍቅር ነው፣ ይህን እግዚአብሔር ያውቃል፣ እኔም ለማወቅ እየሞከርኩ ነው። ድስቶቼን፣ ሳህኖቼን፣ ጎድጓዳውንም ዝርጉንም፣ አጥር ሥር ደፍቼ ደርድሬያቸዋለሁ። ነገ ትምህርት ቤት ስውል በሩ ክፍት ነው። ገብታችሁ ያንን አንዱን ብቻ ቀና አድርጉልኝ፤ ሌላውን አትንኩ።

ግን ከመምጣታችሁ በፊት፣ ስለ እናቴ ብላችሁ፣ እርስ በርሳችሁ ተነጋገሩና በአንድ ዕቃ ተስማሙ።